ነጎድጓዱ በቅሎዋን ምን አላት?

አሶሳ ከተማ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ተማሪ ፊት ቆሜ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም። እንዲህ ስል መኩራራቴ አይደለም፤ ጥፋቴን መናዘዜ ነው።

ወላጆቼ በድርቁ ዘመን ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው እዚህ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ የተወለድኩት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የሰፈራ መንደር፣ በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ከመንደራችን ተምራ መምህር የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ እኔ ስለሆንኩ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «የኔ ልጅ የማታውቀው እንግሊዝኛ የለም» እያለች ታወራ ነበር። መቼም እናት ያለችውን ማስተባበል ከባድ ነው። እኔም ቀስ በቀስ አመንኳት።

ጉዱ የመጣው አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ከስልሳ በላይ ናቸው። ከአንድ አሮጌ የንባብ መጽሐፍ አንዲት ገጽ አባዝቼ አድዬያቸው ተራ በተራ እያነበቡ ነበር። ታሪኩ ተራራ ስለሚያቋርጥ መንገደኛና ስለ በቅሎው ነው። መካከሉ ላይ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ነጎድጓድ ያጓራል፣ በቅሎዋም «ስፑክድ» ትሆናለች። ዓረፍተ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት የበርታ ልጅ እጇን አወጣች። ዝምተኛ ናት። ፈተና ላይ ከሁሉ ትበልጣለች፣ ክፍል ውስጥ ግን ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።

«ቲቸር፣ ስፑክድ ምንድነው?»

ቃሉን አይቼው አላውቅም። ገጹን ሳባዛ እንኳ ዓይኔ አልፎት ሄዷል። ስልሳ ምናምን ፊት ወደኔ ዞረ። «አረጋግጬ ነገ እነግርሻለሁ» ብል ማን ይጣላኝ ነበር? አፌ ግን ቀደመኝ።

«ይሄ የማተሚያ ቤት ስህተት ነው» አልኩ ኮስተር ብዬ። «ስፖክ ለማለት ነው። ስፖክ ማለትስ ምን ማለት ነው?»

«ተናገረ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ጎበዞች! ስለዚህ ነጎድጓዱ በቅሎዋን አናገራት ማለት ነው። ደራሲዎች እንዲህ ናቸው፤ ግዑዙን ነገር ሰው ያደርጉታል።» ሰሌዳው ላይም በትልቁ ጻፍኩት፦ ነጎድጓዱ በቅሎዋን አናገራት።

ሁሉም ወደ ደብተሩ ገለበጠው። ከኋላ ግን የክፍሉ ቀልደኛ የሆነው ልጅ ተነሣ።

«ቲቸር፣ ምን አላት?»

«ማን?»

«ነጎድጓዱ። በቅሎዋን ምን አላት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም «ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ሂጂ አላት» ብዬ አብሬ ሳቅኩ። ደወል ተደወለና ወጣሁ። ከመውጣቴ በፊት የልጅቷን ፊት አየሁት። አልሳቀችም። የእስክሪብቶዋን ጫፍ ነክሳ ወረቀቱን ትኩር ብላ እያየች ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መምህራን ማረፊያ ክፍል ገባሁ። እዚያ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት አለ። ቆሜ ገለጥኩት። ቃሉ ቁጭ ብሏል! የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። ስፑክ ስም ሲሆን የሙት መንፈስ ነው፤ ሞቶ ከተቀበረ በኋላ መንገድ ላይ ታየ፣ ቤት ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ የሚባለው ነገር። ግስ ሲሆን ደግሞ ማስደንገጥ ነው፣ በተለይም ፈረስንና በቅሎን። ስፑኪ የሚባል ቅጽልም አለው። ማንም የማይኖርበት ቤት ገብታችሁ የማጅራታችሁ ፀጉር ቢቆም፣ ያ ቤት ስፑኪ ነው።

መዝገበ ቃላቱን ዘግቼ የሰረቀ ሰው ይመስል ዙሪያዬን ቃኘሁ። የፊዚክስ መምህሩ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ፈተና ያርማል። ቀና ብሎ አየኝና «ምነው? ጣረ ሞት ያየሽ መሰልሽ» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ያየሁት እሱኑ ነበር።

ከዚያስ ምን አደረግኩ? ምንም። «አንዲት ቃል ናት፣ ማን ያስታውሳታል» ብዬ ክፍል ገባሁና ስለ መስተዋድድ አስተማርኩ። ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ወደዚያ ረድፍ አላየሁም።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። ማንጎ የሚደርስበት ወር ነው። በዚያ ወር አሶሳ ውስጥ ማንጎ የሌለበት ጥግ የለም፤ በጆንያ፣ በቅርጫት፣ በሳፋ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ። የበርታ ሴቶች ትከሻቸው ላይ ባጋደሙት እንጨት ግራና ቀኝ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ወገባቸው እንደ ሚዛን እየተወዛወዘ በሕዝቡ መካከል ያልፋሉ። ሽንኩርት ስመርጥ ከወዲያ በኩል ጡሩምባ ሰማሁ። የሠርግ አጀብ ነው። ባለ ጊዜዎቹ ባጃጆች በረድፍ ሆነው ፊኛ በፊኛ ተሸፍነው፣ ሙዚቃቸውን ለቅቀው ይመጣሉ። ሰዉ እልል አለ። ከፊኛዎቹ አንዱ ቧ! ብሎ ፈነዳ።

ከፊት ለፊቴ ሁለት ጆንያ ማንጎ የተጫነች አህያ ቆማ ነበር። ጆሮዋን ቀጥ አደረገች፣ አራት እግሯን በአንድ ጊዜ ከመሬት አነሣች፣ ከዚያ በኋላ ያየሁት ጀርባዋን ብቻ ነው።

«ደነበረች! አህያዋ ደነበረች! ያዟት!» አለ ገበያተኛው።

ማን ይይዛታል? በፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴዎቹ መካከል አለፈች፤ ባልዲዎቹ እየተንከባለሉ ተከተሏት። ሰልባጅ ልብስ ተራ ደርሳ አንድ ቀይ ቀሚስ አንገቷ ላይ ይዛ ወጣች። አንደኛው ጆንያ ተተርትሮ ማንጎው መንገዱ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። የሠርጉ ባጃጆች ቆሙ። ሚዜዎቹ በነጭ ሸሚዛቸው ወርደው አህያ ማባረር ጀመሩ። ሙሽራዋ ራሷ በባጃጁ በር አንገቷን አውጥታ «በዚያ በኩል! በዚያ በኩል!» እያለች ትመራቸዋለች።

ከአህያዋ ኋላ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ የወረደ፣ በበርታኛ እየጮኸች የምትሮጥ አንዲት ልጅ አለች። አጠገቤ ስትደርስ አየችኝና በአንድ ጊዜ ቆመች። አህያዋን ረሳቻት። ፊቷ በራ።

«ቲቸር! አየሽ? ይሄ ነው! አህያው ስፑክድ ሆነ!»

ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ሳቄ መጣ። ሐሙስ የሳቅኩት ዓይነት አይደለም። ሆዴን ይዤ፣ መሬት እስክቀመጥ ድረስ ሳቅኩ። እሷም አፏን በሻርፗ ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ከዚያ ሁለታችንም ተንበርክከን ማንጎ መልቀም ያዝን።

«ትርጉሙን ከየት አገኘሽው?» አልኳት በቀሚሴ ማንጎ እየሰበሰብኩ።

«ሐሙስ ቤት ሄጄ በስልክ ፈለግኩ።»

«እና ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቲቸር እንዳይደነግጥ ብዬ» አለችኝ።

አያቷ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ማንጎ ዘርግተው ይሸጣሉ። ልጅቷ በዐረብኛው «ሀቦባ» ትላቸዋለች፤ የበርታ ቤት ውስጥ አያት ብዙ ጊዜ የሚጠራው እንደዚያ ነው። ማንጎውን ይዘን ስንደርስ ሚዜዎቹም አህያዋን ከነቀይ ቀሚሷ እየጎተቱ ደረሱ። አያትየዋ አህያዋን አይተው፣ ሚዜዎቹን አይተው፣ እኔን አይተው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፤ ከእሳቸው አፍ ሲወጣ ደግሞ ያምራል። የልጅ ልጃቸውም አንዳንዴ ሴቱን በወንድ ታወራለች።

«መምህር አንተ ነህ?»

«አዎ እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ነጎድጓድ ከበቅሎ ጋር ወሬ ያወራል ያለው አንተ ነህ?»

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። ለካ እነሱ ቤት ሦስት ቀን ሙሉ በኔ ሲሳቅ ከርሟል! እኔ ደግሞ ማን ያስታውሳታል ብዬ ተኝቻለሁ። አያትየዋ ከዘረጉት ማንጎ ትልቁን መርጠው «እንካ፣ ብላ። ሁሉ ሰው ይሳሳታል። ይሄ አህያ እንኳን ፊኛ ነብር ነው ብሎ ተሳሳተ» አሉኝ። እንዲህ ከአህያ ጋር ተደምሬ ይቅርታ የተደረገልኝ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር።

ሰኞ ያንን ወፍራም መዝገበ ቃላት ታቅፌ ክፍል ገባሁ። «ሐሙስ ዕለት ያላወቅኩትን ቃል አውቃለሁ ብዬ አስተማርኳችሁ። የማተሚያ ቤት ስህተት አልነበረም፣ የኔ ስህተት ነው። አላውቀውም ነበር» አልኩ። ያ ከኋላ የሚቀመጠው ቀልደኛ እጁን አወጣ።

«ታዲያ ቲቸር፣ ነጎድጓዱ ምንም አላላትም?»

«ምንም። አስደነበራት እንጂ።»

«ለኔ ግን ዝናብ ሊመጣ ነው ቢላት ይሻል ነበር» አለ። የሰኞው ሳቅ ከሐሙሱ በለጠ።

ስፑክድ ማለት መደንበር እንደሆነ ሳስረዳ የራሴንም አማርኛ እንደ አዲስ ተማርኩት። ሰው ይደነግጣል፤ ከብት ይደነብራል። እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንዲት ቃል ይበቃዋል፣ እኛ ግን ለይተን እንናገራለን። ከዚያ ዝምተኛዋ ልጅ ራሷ ጠየቀች። «ቃሉ ከየት መጣ?»

መዝገበ ቃላቱ ነግሮኝ ስለነበር በኩራት መለስኩ፤ በዚህኛው ጊዜ ተፈቅዶልኛል። ቃሉ መጀመሪያ የእንግሊዞች አይደለም። የሆላንዶች ነው። ሆላንዶች አሜሪካ ሄደው ሲሰፍሩ ከቤት ዕቃቸው ጋር ቃላቸውንም ይዘው ሄዱ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸው ሰምተው ወሰዱት። መጀመሪያ የመንፈሱ ስም ብቻ ነበር፤ በኋላ ግስ ሆነ፣ ፈረስ ማስደንበሪያም ሆነ።

«እንግሊዝኛም ከሰው ቃል ይወስዳል?» አለ አንዱ፣ ትልቅ ሰው ሲሰርቅ እንደያዘ ዓይነት ተደንቆ።

«ይወስዳል እንጂ። ሰፋሪ ባለበት ሁሉ ቃል ይዞራል።» ይህን ስል እናቴ ትዝ አለችኝ። ከወሎ ስትመጣ አንዲት ቁና እህል እንኳ አልያዘችም፤ ጭራቁንና ጋኔኑን ግን አንዱንም ሳታስቀር ነው ያመጣቻቸው። ልጅ ሆኜ ከቀርከሃው አጥር ወዲያ ሁሉም ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ይመስለኝ ነበር።

መዝገበ ቃላቱ ላይ ሌላ አንድ ትርጉም ነበረ። ልዝለለው ወይስ ልናገረው ብዬ ሰንብቻለሁ። አንዴ ደብቄ ስለተቃጠልኩ ነገርኳቸው። ይህች ቃል አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው መስደቢያም ሆና ነበር።

ልጅቷ እጇን ሳታወጣ ተናገረች። «ለኛም ነበረ። ሀቦባን ልጅ ሆኖ ገበያ ላይ እንደዚያ ይጠሩት ነበር።»

የትኛውን ቃል ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እዚህ አልጽፈውም። እኛ የሰፋሪ ልጆቹ አንገታችንን ደፋን። በልጅነታችን መንደራችን ውስጥ ሲባል ሰምተነዋል፣ አንዳንዶቻችንም ሳናውቀው ብለነዋል። «እኔ ልጅ ሆኜ ብዬዋለሁ» አልኩ። ዕለቱ የመናዘዝ ዕለት ነበርና። «ማንም እንዳልል አልነገረኝም፤ እኔ ግን ለእናንተ እነግራችኋለሁ።» ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ደብተራቸው ላይ ያንን ትርጉም በቀይ እንዲጽፉት ተስማማን፤ አጠገቡም ቀልደኛው ልጅ ባመጣው ቃል «ይታወቅ፣ አይነገር» ብለው ጻፉ።

ከዚያ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። በየቤታችሁ ሂዱና ሽማግሌ ጠይቁ፤ የሌለ ሆኖ የሚያስፈራው ነገር በቤታችሁ ቋንቋ ማን ይባላል?

እንዲህ የተወደደ የቤት ሥራ ሰጥቼ አላውቅም። ደብተር የማያመጡት ሳይቀሩ ይዘው መጡ። ከባምባሲ በኩል የመጡት «ኤኬራ» አሉ፤ በኦሮምኛ የሙት መንፈስ ነው። ከመተከል የመጣው የሺናሻ ልጅ አባቱን ስልክ ደውሎ ጠይቆ አባቱ አጎቱን፣ አጎቱ ደግሞ ጎረቤቱን ሲጠይቅ መንደሩ ሁሉ እንደተከራከረ ነገረን። የበርታ ልጆች በብዛት «ጂን» ብለው መጡ። ዝምተኛዋ ልጅ ግን ባዶ ወረቀት ይዛ ቀረበች።

«ሀቦባ ጂን የኪታብ ቃል ነው፣ ከዐረብ የመጣ ነው አለ። የኛ ሌላ ነው አለ። ግን አልነገረኝም። ራሴ መጥቼ ለመምህሩ እነግራለሁ አለ።»

አያትየዋ በሚቀጥለው ሐሙስ መጡ። አረንጓዴ ሻርፕ ለብሰው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ነበር። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። በመጀመሪያ በሩን አስዘጉ፣ ቀጥሎ መስኮቶቹን። «በር ክፍት ከሆነ ስሙን ሰምቶ ይገባል» አሉ። ቀትር ላይ ነው፤ ክፍሉ ጨለም አለና በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ብቻ ቀረ።

በበርታኛ እየተናገሩ የልጅ ልጃቸው ተረጎመች። ያ ነገር የሚኖረው ከወንዝ ዳር ባለ ቀርከሃ ውስጥ ነው። መልኩን ያየው የለም፣ የሚታወቀው በድምፁ ነው። ቀርከሃው ንፋስ ሳይኖር ሲንቋቋ፣ እሱ መጣ ማለት ነው። ልጅ ሆነው ውኃ ሲቀዱ አንድ ቀን ሰምተውታል። ከዚያ ጎንበስ አሉና ስሙን በሹክሹክታ ተናገሩ። እዚህ አልጽፈውም፤ እንዳልጽፈው አስምለውኛል። ስሙን እንደጨረሱም በምላሳቸው ቀርከሃው ሲንቋቋ የሚያሰማውን ድምፅ አሰሙ። ቋ... ቋ... ቋ...

በዚህ ጊዜ በሩ ተበረገደ።

በሩ ላይ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ የሆነ ነገር ቆሟል። ፊቱ ነጭ፣ እጁ ነጭ፣ ከጉልበቱ በታች ጭቃ ይንጠባጠባል።

ያንን ጩኸት ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሰምቶታል። የፊት ረድፉ ወደ ኋላ፣ የኋላው ረድፍ ወደ መስኮት ሸሸ። ቀልደኛው ልጅ ዴስክ ሥር ገባ። እኔ መምህርቷም የአያትየዋን ክንድ ይዤ ነበር፤ ከኋላቸው እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። አያትየዋ ብቻ ቀጥ ብለው ቆመው እንግዳውን አዩት።

እንግዳው ሰው ነበር፤ እንዲያውም ሴት ናት። ባምባሲ ባለው የስደተኞች መጠለያ የምትሠራ የውኃ መሐንዲስ ናት። የትምህርት ቤታችን የእጅ ፓምፕ ከተበላሸ ወራት ሆኖት ስለነበር እሷና አንድ ሜካኒክ ከጠዋት ጀምሮ ከግቢው ጫፍ ሲቆፍሩ ውለዋል። ሲሚንቶ ሲያቦኩ ከረጢቱ ፈንድቶባት ነው። ውኃ ወጣ ብላ ልታበሥረን ነበር የመጣችው።

«ምን ሆኑ? ምን አደረግኩ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

«ይቅርታ» አልኳት። «ስለ ስፑክ እየተማርን ነበር። አንቺን ስፑክ መሰልሻቸው።»

በሲሚንቶው ዱቄት መካከል ሁለት ሰማያዊ ዓይኖች ፈጠጡ። «ስፖክ?» አለች፣ ኦውን ጎትታ። «ይሄ እኮ የኔ ቋንቋ ቃል ነው! የሆላንድ ሰው ነኝ እኔ!»

ዴስክ ሥር የነበረው ልጅ ብቅ አለ። መዝገበ ቃላቱ ላይ ብቻ የምናውቃት አገር በሲሚንቶ ተለውሳ ክፍላችን ገብታለች! ያኔ የጥያቄው ጎርፍ መጣ። በእንግሊዝኛ ለመናገር የሚያፍሩት ሁሉ ማፈሩን ረሱ። እናንተ አገር ስፖክ የት ይኖራል? ቤት ውስጥ፣ ጣሪያ ሥር፣ አሮጌ የንፋስ ወፍጮ ውስጥ። ምን ይለብሳል? ነጭ አንሶላ። ታዲያ እንደ አንቺ ነዋ! አዎ፣ ዛሬ እንደ እኔ። አንቺ ትፈሪዋለሽ? ልጅ ሆኜ በጣም፤ ዛሬ ደግሞ ልጆች ከእኔ ሸሹ።

ከዚያ የማናውቀውን ነገረችን። ይኸው ቃል ከእነሱ ወደ ሰሜን፣ ዴንማርክ ድረስ ይገኛል፤ እዚያ ግን ትርጉሙ መንፈስ አይደለም። ቀልድ ነው። የሆላንድ ሰው የሚሸሽበት ቃል የዴንማርክ ሰው ይስቅበታል።

ልጅቷ ይህንን ለአያቷ ተረጎመች። አያትየዋ መለሱ፤ ልጅቷም እየሳቀች አስተላለፈችልን። «ሀቦባ እውነት ነው አለ። ያን ቀን ወንዝ ላይ የሰማሁት ድምፅ ወንድሜ ነበር አለ። ሊያስፈራራኝ ቀርከሃ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ግን እስኪያረጅ ድረስ አልነገረኝም አለ።»

ክፍሉ እንደገና ፈረሰ። አያትየዋ ተማሪው ሲስቅ ቆመው አዩ፤ ቁመታቸው የጨመረ መሰለኝ። ገበያ ላይ በዚያ ቃል ይጠሩ የነበሩት ልጅ ዛሬ አስተማሪ ሆነው፣ ስልሳ ተማሪና አንዲት መሐንዲስ አፋቸውን ከፍተው እየሰሟቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ደግሞ በሦስት ቋንቋ መካከል ቆማ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትወረውር ድምፅዋ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ያለችው ልጅ ያቺ መሆኗን ማመን አቃተኝ።

ልጅቷ አሁን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። የትርጉም ሥራ ነው የምማረው ትላለች። እንደዚህ ዓይነት ትምህርት የት እንደሚሰጥ ጠይቃኝ «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» አልኳት። እየፈለግን ነው።

ያን ዕለት ግን ሁላችንም ወጥተን ወደ ፓምፑ ሄድን። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየጫኑ ተራጩ። መሐንዲሷ ፊቷን ታጠበችና ሰው ሆነች። አያትየዋ እጇን ይዘው ለእሑድ ምሳ ቤታቸው ጠሯት፤ እኔንም።

እሑድ ሄድን። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ቀረበልን፣ ቀይ የከርከዴ ሻይ ጠጣን። አያትየዋ ሌሎች ታሪኮችም ነበሯቸው፤ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አወሩልን። ስንነሣ መሐንዲሷ በበርታኛ ማመስገን ፈለገችና ልጅቷን በጆሮዋ ጠየቀቻት። ደፍራ ጮክ ብላ ተናገረች። ቤቱ በሙሉ፣ በር ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሳይቀሩ፣ በሳቅ ወደቁ። ምን እንዳለች እስካሁን የነገረን የለም። አያትየዋ እንባቸውን ጠርገው፣ አገጯን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቃሉን እንደገና አስጀመሯት። ሁለተኛው አልሆነም። ሦስተኛውም አልሆነም። አራተኛው ላይ ልክ አለችው፣ አያትየዋም እልል አሉ።